ማርኮኒና የተሰማው ድምፅ ማረጋገጫ

ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ገና ተማሪ ሳለ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ሬዲዮ ነበረችው። ከቤቱ ክዳን እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ የመዳብ ሽቦ ዘርግቶ፣ ከሳነቴ የሚወርደው ብርድ በሩን ሲያዘጋ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አጭር ሞገዱን ይፈትሽ ነበር። ድምፁ ጠርቶ ሲሰማ ሮቤም ጎባም የነበሩ ወዳጆቹ ምክንያቱ የአገሩ ከፍታ ነው ይሉ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። አጭር ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው የአየር ንብርብር ከመሬት በላይ ከመቶ እስከ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚርቅ፣ የቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ለእርሱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የባሌ ደጋ ትልቁ ጸጋ ጸጥታው ነበር። ፋብሪካ የለም፤ የኤሌክትሪክ መሥመሩ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሩቁን ድምፅ የሚያውከው ጩኸት አነስተኛ ነው።

በዚህ ሥራ የተጠመደ ሰው መስማት ብቻ አይበቃውም። የሰማበትን ቀንና ሰዓት፣ የሞገዱን ቁጥር፣ የፕሮግራሙን ይዘት፣ የድምፁንም ጥራት ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ነጥብ ጽፎ ለጣቢያው ይልካል። ጣቢያው ከራሱ መዝገብ ጋር አስተያይቶ እውነት ሆኖ ሲያገኘው የማረጋገጫ ካርድ ይመልስለታል፤ በቴሌግራፈኞች አጠራር ኪው ኤስ ኤል የሚባለው ይህ ነው። ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና ነበረብን፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት የምንለው በግሪንዊች አቆጣጠር 18 ሰዓት መሆኑን አውቆ መጻፍ ያስፈልጋል። የጸሐፊው የመጀመሪያ ደብዳቤ ይህን ሳያውቅ ስለተጻፈ መልስ አላገኘም። ሁለተኛው ግን ተሳካለት፤ ካርዱም የመጣው ከቫቲካን ራዲዮ ነበር።

ያንን ጣቢያ የሠራውና እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1931 ሊቀ ጳጳሱ ፒዮስ 11ኛ መርቀው ሲከፍቱት አጠገባቸው የቆመው ሰው ጉልየልሞ ማርኮኒ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ብንመረምረው፣ የተሰማን ድምፅ በምስክር የማጽናት ታሪክ ሆኖ እናገኘዋለን።

ማርኮኒ በ1874 ሚያዝያ 25 ቀን በቦሎኛ ተወለደ። አባቱ ባለ ርስት ጣሊያናዊ፣ እናቱ አኒ ጄምሰን ደግሞ በውስኪ ጠመቃ ከታወቀ የአየርላንድ ቤተ ሰብ የተወለደች ነበረች። በትምህርት ቤት የተመሰገነ ተማሪ አልነበረም። በ1895 ግን በአባቱ ርስት በፖንቴክዮ ሆኖ፣ ሄርትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ያስገኘውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከቤት ወደ ሜዳ፣ ከሜዳም ወደ ኮረብታ ማዶ ለማድረስ ተነሣ። መቀበያውን ይዞ ከኮረብታው ጀርባ የሄደው ወንድሙ አልፎንሶ፣ ምልክቱ ሲደርሰው ጠመንጃ እንዲተኩስ ተነግሮት ነበር። ጥይቱ ተሰማ። ይህ ጸሐፊ ያችን ተኩስ ከሁሉ የመጀመሪያዋ የማረጋገጫ ካርድ ናት ብሎ ያምናል።

በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አመለከተ፤ በ1897 ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1899 የእንግሊዝን ቦይ በሞገድ አሻገረ። ቀጥሎ ወደ አትላንቲክ ተመለከተ። በ1901 ታኅሣሥ 12 ቀን፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት በሲግናል ሂል ላይ፣ በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት የተሰቀለ ሽቦ አንቴና ሆኖት፣ በእንግሊዝ አገር ከፖልዱ የተላኩትን ሦስት ነጥቦች ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማ። ርቀቱ ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ረዳቱ ኬምፕም ሰማሁ አለ። ከሁለቱ በቀር ግን የሰማ አልነበረም፤ በወረቀት የቀረም ምልክት የለም። ጋዜጦች ሲያወድሱት ብዙ ሊቃውንት የሰማኸው የመብረቅ ጩኸት ነው ብለው ተጠራጠሩ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

ማርኮኒ የተማረው ከዚህ ነው። በ1902 የካቲት ወር ፊላዴልፊያ በተባለች መርከብ ተሳፍሮ ሲሻገር፣ የሚመጣው ምልክት በወረቀት ጥብጣብ ላይ ራሱ እንዲጻፍ አደረገ፤ የመርከቧ አዛዥም በምስክርነት ፈረመበት። ያ ጥብጣብ ሌላም ያልታሰበ ነገር ገለጠ፤ ምልክቱ በሌሊት ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲደርስ፣ በቀን ብርሃን የሚደርሰው የዚያን ሲሶ ያህል ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስሙ ገነነ። በ1909 ከጀርመናዊው ብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም የርዳታ ጥሪ ያስተላለፉት የእርሱ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከሰባት መቶ የሚበልጡ ሰዎችም በዚያ ጥሪ ዳኑ። ነገር ግን በእነዚህ ዓመታት እርሱና ኩባንያው አንድ ታላቅ ስሕተት ፈጸሙ። ርቀት የሚገኘው ሞገድን በማስረዘም ነው ብለው ብዙ ሺሕ ሜትር ወደሚረዝም ሞገድና ግዙፍ ምሰሶ አዘነበሉ። ከ200 ሜትር በታች ያለው ሞገድ ዋጋ የለውም ተብሎ በአሜሪካ ለአማተሮች ተተወ።

አማተሮቹ ግን በተጣለው ዕቃ ተአምር ሠሩ። በ1921 ታኅሣሥ ወር ከአሜሪካ ወደ ስኮትላንድ የተላከ ፖል ጎድሊ የተባለ አማተር፣ በድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የአገሩን ልጆች ምልክት እየሰማ መዘገበ። በ1923 ኅዳር ወር በፈረንሳይ ያለ አንድ አማተርና በአሜሪካ ያለ ጓደኛው መቶ ሜትር አካባቢ ባለው ሞገድ ውቅያኖሱን አቋርጠው ተነጋገሩ። ማርኮኒም ስሕተቱን ለማመን አላፈረም፤ በ1922 በኒው ዮርክ ለመሐንዲሶች ባደረገው ንግግር አጭር ሞገድ ችላ መባሉን ተናዘዘ። ይህ ከጠባዩ ሁሉ የሚደነቅለት ነው። ኤሌትራ በተባለች መርከቡ ላይ መቀበያውን ጭኖ ባሕሩን ዞረ፤ በ1924 የ32 ሜትር ሞገድ በጠራራ ፀሐይ ከእንግሊዝ እስከ ቤይሩት እንደሚደርስ አረጋገጠ። የቀን ብርሃን በታችኛው የአየር ንብርብር ውስጥ ረጅሙን ሞገድ ሲውጥ፣ አጭሩ ግን ሾልኮ ከላይኛው ንብርብር ነጥሮ ይመለሳልና የፊላዴልፊያ ጥብጣብ እንቆቅልሽ ተፈታ። በ1926 እና በ1927 እንግሊዝን ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከህንድ ጋር ያገናኘው የአጭር ሞገድ አገልግሎት ተከፈተ።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ያማረ ነበር። ማርኮኒ ግን በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር፤ በ1930 ሙሶሊኒ የኢጣሊያ አካዳሚ ፕሬዚደንት አድርጎ ሲሾመው በፋሺስት ታላቁ ምክር ቤት ወንበር አገኘ። በ1935 ኢትዮጵያ ስትወረር ወረራውን ደግፎ በውጭ አገር ተሟገተ፤ በለንደን በቢ.ቢ.ሲ. ቀርቦ ይህንኑ ለመናገር ቢፈልግ ተከለከለ። ድምፅን በዓለም ላይ ያዳረሰው ሰው፣ በተቀበለችው አገር ማይክራፎን ተነፈገ።

በዚሁ ዓመት መስከረም ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያናዊው አንሳልዶ ኩባንያ ከሠራው ከአቃቂ ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ፤ ንግግራቸውም በአጭር ሞገድ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ተሰማ። ማርኮኒ ያቀናው መንገድ የወዳጁን ተጠቂ ድምፅም አላሳለፍም አላለም።

አንዳንድ የታሪኩ ጸሐፊዎች ልብ ሕመምተኛና የሸመገለ ሰው ነበር እያሉ ያቃልሉለታል። ይህ አያሳምንም። በእናቱ አየርላንዳዊ፣ በሀብቱና በሥራው የለንደን ሰው ነበርና ዝም ብሎ የሚቀመጥበት አገር አላጣም። ማስረጃም አላነሰውም፤ በ1935 ታኅሣሥ መጨረሻ በዶሎ ግንባር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ሲደበደብ ወሬው በቀናት ውስጥ አውሮፓን አዳርሷል። ለሦስት ነጥብ ምልክት የመርከብ አዛዥ ፊርማ የጠየቀ ሰው፣ የሐኪሞቹን ምስክርነት ከመጤፍ አልቆጠረውም።

በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጭፍጨፋ ስትታመስ፣ የባሌ ገዥ የነበሩትና በደቡብ ግንባር የተዋጉት ደጃዝማች በየነ መርዕድም በጣሊያኖች እጅ ወድቀው ተገደሉ። ከአምስት ወራት በኋላ፣ በ1937 ሐምሌ 20 ቀን፣ ማርኮኒ በ63 ዓመቱ ሮማ ላይ ሞተ። በመንግሥት ወግ ተቀበረ፤ በብሪታንያ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያዎችም ለሁለት ደቂቃ ማስተላለፋቸውን አቆሙ።

በጎባ የነበረው ተማሪ ካርዱ ሲደርሰው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም ነበር፤ ያወቀው ቆይቶ፣ በሙያ ትምህርት ላይ ሳለ ነው። በግድግዳው ላይ ለጥፎት የነበረውን ካርድ ያን ጊዜ አነሣው። አልጣለውም፤ ሰዓቱን በትክክል ከጻፈበት ደብተር ገጽ መካከል አስገብቶ፣ እስከ ዛሬ በዚያው አለ።