አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የለንደኑ ሌጋሲዮን

በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወክለው ለንደን የገቡት አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ገደማ የደረሰ፣ በሙያቸው ሐኪም የሆኑ፣ ለዲፕሎማሲ ግን ትምህርት ቤት ያልገቡ ሰው ነበሩ። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ ይህን ሙያ የሚያስተምር ተቋም አልነበረም። መልእክተኛ የሚመረጠው በንጉሠ ነገሥቱ አመኔታ፣ በቋንቋ ችሎታና ቀደም ሲል በታየ አገልግሎት ነበር። የወርቅነህ ሹመት በእነዚህ በሦስቱም ላይ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ቋንቋውን ያገኙበት መንገድ ከሌሎቹ የዘመኑ ሹማምንት ሁሉ ይለያል።

ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ሲሆን፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ ከቤተሰባቸው የተለዩ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸውም ከሁለት አሳዳጊዎቻቸው፣ ከኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሊንና ከኮሎኔል ማርቲን የተገኘ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ካደጉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አሻሽለው በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፍለጋ መጥተው በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ አያታቸው በአካላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንደለዩዋቸው ይነገራል። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው። ከዚህም በኋላ ወደ በርማ እየተመላለሱ ቆይተው በ1911 ዓ.ም. አካባቢ ጠቅልለው ገቡ።

በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን የተሰጣቸው ሥራ ከሕክምና የራቀ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል፤ የውጭ ዜጎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተቀምጠዋል፤ በኋላም የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው በአሰበ ተፈሪ አዲስ የአስተዳደር ሥርዓት ሞክረዋል። ለዲፕሎማትነታቸው ዋነኛው መፈተኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አሜሪካ ያደረጉት ጉዞ ይመስላል። የጣና ሐይቅ ግድብን ጉዳይ ከጄ. ጂ. ኋይት የምሕንድስና ኩባንያ ጋር እንዲነጋገሩና ባለሙያ ጥቁር አሜሪካውያንን ወደ ኢትዮጵያ እንዲጋብዙ ተልከው ነበር። እንግሊዝ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ውል መሠረት የዓባይ ውኃ ያለ እርሷ ስምምነት እንዳይገደብ ኢትዮጵያን ያስፈረመች ስለነበረች፣ ዜናው በለንደን ቅሬታን አስነሣ። ስለዚህ ወርቅነህ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደዚያው ከተማ ሲላኩ በእንግሊዝ ባህል ያደጉ ቢሆኑም የእንግሊዝ ወዳጅ ተደርገው ብቻ የሚታዩ ሰው አልነበሩም። የሹመታቸው ጥቅምም ችግርም ከዚሁ ይመነጫል።

የተሰጣቸው ማዕረግ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር እንጂ አምባሳደር አልነበረም። በ1815 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ጉባኤ በተወሰነው የመልእክተኞች ደረጃ መሠረት የአምባሳደርነት ማዕረግ በልማድ በታላላቅ መንግሥታት መካከል የተወሰነ ነበር። ሌሎች መንግሥታት የሚለዋወጡት ሚኒስትር ሲሆን፣ ጽሕፈት ቤቱም ሌጋሲዮን ይባላል። በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበሩት ሰር ሲድኒ ባርተንም ማዕረጋቸው ይኸው ነበር። ተሿሚው ከመላኩ በፊት የተቀባዩ መንግሥት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ከደረሰም በኋላ የሹመቱን ደብዳቤ ለርእሰ ብሔሩ ያቀርባል። ሥልጣኑ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ላኪው መንግሥት በተቀባዩ ዘንድ ዕውቅና እስካለው ድረስ ብቻ ነው።

ከኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ወዲህ ጦርነቱ አይቀሬ እየሆነ በመሄዱ፣ የአዲሱ ሚኒስትር ቀዳሚ ሥራ የጦር መሣሪያና ገንዘብ ማግኘት ሆነ። ይሁንና እርሳቸው በደረሱበት በዚያው ሐምሌ ወር የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ኢጣሊያም ወደ ኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይላክ ከለከለ። ክልከላው በወረቀት ላይ እኩል ቢመስልም የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ባላት ኢጣሊያና ምንም በሌላት ኢትዮጵያ ላይ የሚያመጣው ውጤት እኩል አልነበረም። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በ1930 (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ ጋር የተፈራረሙት ውል ደግሞ መንግሥቱ ለራሱ መከላከያ መሣሪያ የማስገባት መብት እንዳለው የሚያረጋግጥ ነበር። ክልከላው የላላው የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ከተሻገረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የጎደለው ገንዘብና ጊዜ ሆነ።

የቢሮው በር ሲጠብባቸው ወርቅነህ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። በስብሰባዎች ላይ ተናገሩ፣ በጋዜጦች ጻፉ፣ የእርዳታ ጥሪም አቀረቡ። የመልእክተኛ ወግ ከተቀባዩ መንግሥት ጋር በጸጥታ መነጋገርን የሚያዝ በመሆኑ ይህ አካሄድ ለውጭ ጉዳይ ሰዎች የሚመች አልነበረም፤ ነገር ግን ሌላ ምን አማራጭ ነበራቸው? ኢትዮጵያን የሚቆርሰው የሆርና የላቫል ዕቅድ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሲጋለጥ የእንግሊዝ ሕዝብ ቁጣ ሰር ሳሙኤል ሆርን ከሥልጣን አስወርዷል። ይህን ውጤት ለኢትዮጵያው ሚኒስትር ብቻ መስጠት ማጋነን ይሆናል። ቁጣው በዋናነት የመንግሥታት ማኅበርን ይደግፍ ከነበረው የእንግሊዝ ሕዝብ የመነጨ ነበር። የመንግሥቱም ፖሊሲ በሚኒስትሩ መሻር ምክንያት ከመሠረቱ አልተለወጠም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱም ግንቦት 26 ቀን ለንደን ገቡ። በፕሪንሰስ ጌት የሚገኘው ሌጋሲዮን ከዚያ በኋላ መሬቱ በጠላት እጅ የወደቀ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ሆነ። የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮን ወደ ጠቅላይ ቆንስላነት ዝቅ በማድረግ ወረራውን በተግባር ሲቀበል፣ በሕግ ግን ንጉሠ ነገሥቱን ማወቁን ቀጠለ። ለዚህም ነው በግንቦት 1929 ዓ.ም. ለጆርጅ ስድስተኛ የዘውድ በዓል ጥሪ የተላከላቸው፤ ኢጣሊያም በዚህ ተቆጥታ ሳትገኝ ቀርታለች። ልዩነቱ የወግ ብቻ እንዳልነበረ አንድ የፍርድ ቤት ክርክር ያሳያል። ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ኩባንያን ከ10,000 ፓውንድ በላይ በሆነ ዕዳ ከሰው በ1930 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ ጉዳዩ ሳይወሰን እንግሊዝ ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጋ በሕግ አወቀች። ይግባኙን ያየው ፍርድ ቤትም የመክሰስ መብቱ ወደ ኢጣሊያ ንጉሥ ተላልፏል በማለት የቀድሞውን ፍርድ ሻረ።

ወርቅነህ በለንደን ሳሉ የደረሰባቸው ሐዘን ግን ከሹመቱም ከዕውቅናውም ይከብዳል። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ በጥቁር አንበሳ ጦር ውስጥ ተሰልፈው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ጭፍጨፋ ኢጣሊያውያን ገደሏቸው። አባታቸው በዚህ ሐዘን ውስጥ ሆነው የኢትዮጵያን ጉዳይ ለሚሰማቸው ሁሉ ማስረዳታቸውን አላቋረጡም። ቆየት ብለው ወዳደጉበት ሕንድ ተሻገሩ፤ ወደ ኢትዮጵያም የተመለሱት ከነፃነት በኋላ ነው። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ አረፉ።