ዞራ አርከስ-ደንቶቭ፦ የኮርቬትን “አመጋገብ” የለወጠው ስደተኛ

ስለ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል አብዛኞቻችን ወደ ዘፋኝ፣ ወደ ኳስ ተጫዋች ወይም ወደ አገር መሪ ነው የምንሮጠው። እኔ ግን ወደ አንድ የመኪና መሐንዲስ ሄጃለሁ። የጋዜጠኝነት ተማሪን ከሞተር ጋር ምን አገናኘው? ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይህ ሰው ወደ ትልቁ ሥራው የገባው ደብዳቤ ጽፎ ነው። ከገባም በኋላ አለቆቹን ያሳመናቸው በጽሑፍ ነው። ስለዚህ የእኛም ሰው ነው ባይ ነኝ። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዞራ የተወለደው ዲሴምበር 25 ቀን 1909 በቤልጂየም ዋና ከተማ ብራስልስ፣ ከሩሲያ አይሁዳውያን ወላጆች ነው። አባቱ አርከስ የማዕድን መሐንዲስ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሩሲያ ተመልሶ ዞራ ያደገው በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ ሲሆን፣ እናቱ በኋላ ደንቶቭ የሚባል ሰው አገባች። ልጆቹም የሁለቱንም አባቶች ስም አጣምረው ያዙ። በ1927 ወደ በርሊን ተሻገሩ። እዚያ ሞተር ሳይክል እየጋለበ፣ መኪና እየፈታ እየገጠመ፣ በ1934 በሻርሎተንበርግ ከሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በምህንድስና ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሽሽት ነው። ናዚዎች ጀርመንን ሲይዙ ለአይሁዳዊ መኖሪያ አልነበረም። ዞራ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ኤልፊ የምትባል ጀርመናዊት ዳንሰኛም በ1939 አገባ። ጦርነቱ ሲፈነዳ ከወንድሙ ከዩራ ጋር የፈረንሳይ አየር ኃይልን ተቀላቀለ። በ1940 ፈረንሳይ እጇን ስትሰጥ ደግሞ ቤተሰቡ ተበታትኖ፣ ተደብቆ፣ እንደገና ተገናኝቶ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል በመርከብ ኒውዮርክ ገባ። ሁለቱ ወንድማማቾች እዚያ ከአርከስና ከደንቶቭ ቆርጠው “አርደን” ያሉትን ድርጅት አቋቋሙ። ከጦርነቱ በኋላ ለፎርድ ቪ8 ሞተር የሠሩት ቴስታታ ዛሬም በጥንታዊ መኪና ወዳጆች ዘንድ ስሙ ይነሳል። ድርጅቱ ግን አልዘለቀም።

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። በጃንዋሪ 1953 ጄኔራል ሞተርስ በኒውዮርኩ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል “ኮርቬት” የተባለች አዲስ መኪና አሳየ። ዞራ በመልኳ ልቡ ተነካ፤ ቦኔቱ ስር ባለው ነገር ግን አዘነ። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን በሦስት ካርቡራተር እየታገዘ 150 የፈረስ ጉልበት ነበር የሚሰጠው። ማርሿም ባለ ሁለት ፍጥነት አውቶማቲክ ነው። ዞራ ለሼቭሮሌ ዋና መሐንዲስ ለኤድ ኮል ደብዳቤ ጻፈ። መኪናዋን አደነቀ፤ ከዚያ የመኪናን ከፍተኛ ፍጥነት በስሌት የሚተነትን የራሱን ጥናት አያይዞ ላከ። ልብ በሉ፣ ሥራ ስጡኝ ብሎ ከመለመን ይልቅ ምን እንደሚችል አሳየ። ሜይ 1 ቀን 1953 ሥራ ጀመረ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለአለቆቹ ማስታወሻ አቀረበ። ይህቺ ማስታወሻ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ልዩ ትርጉም አላት። የወጣቶቹን የመኪና መጽሔቶች አገላብጦ ገጾቹ በፎርድ የተሞሉ መሆናቸውን አሳያቸው። ዛሬ ስለ ፎርድ እያነበበ የሚያድግ ልጅ ነገ ገንዘብ ሲይዝ የሚገዛው ፎርድ ነው የሚል ነው ክርክሩ። መፍትሔውም ሼቭሮሌ ራሱ ለፍጥነት የተሠሩ መለዋወጫዎችን ለወጣቱ ማቅረብ አለበት የሚል ነበር። አንባቢ ማን ነው ብሎ የጠየቀ መሐንዲስ እንግዲህ ይህ ነው።

ከዚያ ሥራው ተከታተለ። በ1955 ኮርቬት ቪ8 ሞተር አገኘች። በዚያው ዓመት ዞራ ራሱ መሪ ጨብጦ የኮሎራዶውን ፓይክስ ፒክ ተራራ በ17 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1956 መጀመሪያ ደግሞ በዴይቶና የባሕር ዳርቻ ኮርቬትን በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳት። ጉልበት በዛ ማለት ግን ነዳጁም በልኩ መድረስ አለበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ካርቡራተር ላስረዳ። አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ከጎኑ ካለች ትንሽ ቋት ቤንዚን እየሳበ ይደባልቃል። ርካሽ ነው፣ ለመጠገንም ቀላል ነው። ነገር ግን መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ በቋቷ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ሞተሩ ይንተፋተፋል። በዚያ ላይ ድብልቁ ለስምንቱ ሲሊንደር እኩል አይዳረስም። ስምንት ሰው በአንድ ጭልፋ እንደማብላት ነው፤ ቅርብ ያለው ይጠግባል፣ ሩቅ ያለው ይራባል።

ዞራና ጆን ዶልዛ የሚባለው የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ የሠሩበት መፍትሔ ፊውል ኢንጀክሽን ነበር። የሚገባውን አየር የሚለካ አንድ ክፍል አለ፤ ቤንዚኑን በዚያ ልክ የሚመጥን ሌላ ክፍል አለ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በራሱ ኖዝል ይረጭለታል። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ፤ ሁሉም በሜካኒክስ ብቻ! ይህ ሥራ ሲሠራ ዞራ በሙከራ ሜዳ ላይ በደረሰበት አደጋ የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ወገቡ በድጋፍ ታስሮም ሥራውን አልተወም።

ውጤቱ በ1957 ወጣ። 283 ኪዩቢክ ኢንች የነበረው ሞተር 283 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ለእያንዳንዱ ኪዩቢክ ኢንች አንድ ፈረስ ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሼቭሮሌ ማስታወቂያ ጌጥ ሆነ። ይሁንና በዚያ ዓመት ከተሠሩት 6,339 ኮርቬቶች ውስጥ ይህ ሥርዓት የተገጠመላቸው 1,040 ብቻ ናቸው። ዋጋው ወደ 484 ዶላር ነበር፤ መኪናዋ ራሷ 3,176 ዶላር ስትሸጥ ማለት ነው። ዋናው ጣጣ ግን ጋራዥ ውስጥ ነበር። ጥቃቅን ቆሻሻ ኖዝሎቹን ይደፍናል፤ ሙቀት ያስቸግራል፤ በካርቡራተር ያደገው መካኒክ ደግሞ አዲሱን ነገር ማስተካከል አቃተው። ብዙ ባለቤቶች አስፈትተው ካርቡራተር አስገጠሙ። በ1965 ኢንጀክሽኑ 538 ዶላር ሲጠየቅበት፣ ከዚያ የበለጠ ጉልበት ያለው ትልቅ ሞተር ከነካርቡራተሩ በ293 ዶላር ገደማ ተገኘ። ማን ይጨምር? በዚያው ዓመት ኢንጀክሽኑ ቀረ።

ታዲያ ዞራ ተሸነፈ? እኔ እንደዚያ አላነበውም። ኢንጀክሽን በኮምፒውተር እየታገዘ በ1982 ወደ ኮርቬት ተመለሰ። ዛሬ የ1960ዎቹን መስል ካር ይዘው ነዳጅ አሰጣጡን የሚያሻሽሉ ሰዎችም የሚያደርጉት ካርቡራተሩን አንስቶ ኢንጀክሽን መግጠም ነው። እነሱ የተማሩት ትልቅ ነገር አለ፤ አንዱን ዕቃ ብቻ ቀይሮ መሄድ አይቻልም። የድሮው ካርቡራተር የሚፈልገው የቤንዚን ግፊት 6 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ ሲሆን፣ ለየሲሊንደሩ የሚረጨው የዛሬው ኢንጀክሽን ግን ከ40 እስከ 60 ድረስ ይፈልጋል። ስለዚህ ፓምፑ ይቀየራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚኑ ራሱ እንዲያቀዘቅዘው ታንከሩ ውስጥ ይቀመጣል። ጎማ ቱቦው ግፊቱን በሚችል ይተካል፤ የተረፈው ቤንዚን የሚመለስበት መስመር ይዘረጋል። ይህን የዘለለ ሰው አሮጌው ቱቦ ፈንድቶ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሊረጭበት ይችላል።

የ1957ቱም ችግር ይኸው ይመስለኛል። ዕቃው ተቀየረ፤ ዕቃውን የሚይዘው እጅ ግን አልተቀየረም። ዞራ ወደ ላይ፣ ለአለቆቹ፣ አሳምሮ ጽፏል። ወደ ታች፣ እጁ ግራሶ ለነካው መካኒክ፣ ነገሩን በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ሥራ ግን የፈጠራውን ያህል አልተራመደም። አዲስ ነገር ማስረዳት የፈጠራው ግማሽ ነው፤ ያ ግማሽ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።

ዞራ በ1975 ጡረታ ወጣ። ሞተሯ ከሾፌሩ ጀርባ የሆነ ኮርቬት ለማሠራት ዓመታት ቢሟገትም በሕይወት እያለ አልተሳካለትም። ኤፕሪል 21 ቀን 1996 በዲትሮይት አረፈ፤ አመዱም በኬንታኪ፣ ቦውሊንግ ግሪን በሚገኘው የኮርቬት ሙዚየም ተቀመጠ። ያለማት መኪና በ2020 ሞዴል ወጣች፤ እሱ ካለፈ ከ20 ዓመት በላይ ቆይታ።

እንግዲህ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ሰው ያስታውስ። ዛሬ ተቀባይ ያጣ ጽሑፍ ነገ ባለቤት ሊያገኝ ይችላል። ቸር እንሰንብት!