ቀኗን የሰጠችው እናታችን፦ ሰውዳ ቢንት ዘምዓ (ረ.ዐ)

ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ፣ ሰለዋቱን አብዝታችሁ ስትጨርሱ ይችን ታሪክ አንብቧት።

እኛ ዘንድ፣ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ፣ ከጨፋ እስከ ባቲ፣ የሁለተኛ ሚስት ነገር ከተነሳ ጨዋታው አይበርድም። ወንዱ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። ሴቷ ጣውንት የሚለው ቃል ገና ሲጠራ ፊቷ ይለወጣል። ሁለቱም ግን ስለዚያ ቤት ሲያወሩ ከኸዲጃ በቀጥታ ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይሻገራሉ። መሐል ላይ ያለችውን ሴት የሚያነሳት ጥቂት ነው። እሷ ደግሞ የእኛን አገር አፈር የረገጠች ናት።

ሰውዳ የቁረይሽ ልጅ ናት፣ ከበኒ ዓሚር ጎሳ። እናቷ ከመዲና ሰዎች ከበኒ ነጃር ናት። ከባሏ ከሰክራን ኢብን ዐምር ጋር እስልምናን የተቀበሉት ገና በጠዋቱ፣ መስለም መከራ በሚያስከፍልበት ጊዜ ነበር። የባሏ ወንድም ሱሀይል ከመካ ሹማምንት አንዱ ነው፤ ያኔ የሙስሊሞች ብርቱ ተቃዋሚ ነበር። ከቤተሰብ ጥላ ሲያጡ ባልና ሚስቱ ከሁለተኛው ሒጅራ ስደተኞች ጋር ባሕር ተሻግረው ወደ ነጃሺ አገር መጡ። እስቲ አስቢው እህቴ፦ ቋንቋውን የማታውቂው አገር፣ ዘመድ የለ፣ ያለሽ ዲንሽና ባልሽ ብቻ።

ከስደት በኋላ ያም ባል ሞተባት። መካ ላይ አባቷ አርጅቷል፣ ገና አልሰለመም፤ ወንድሟም እንዲሁ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት በዚያች ከተማ ምን ዋስትና ነበራት?

በዚያው ዘመን የነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ኀዘን ገብቶታል። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ሞታለች። እዚህ ላይ ቆም በል ወንድሜ። እሳቸው በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን አግብተው እስከ 50 ዓመታቸው ድረስ ሌላ ሚስት አልነበራቸውም። 25 ዓመት፣ አንዲት ሚስት። የዚያ ዘመን ዐረብ ብዙ ሚስት ማግባቱ ነውር አልነበረም፣ የሚከለክላቸውም አልነበረም። የወጣትነት ዘመናቸው ሁሉ ያለፈው ከእሷ ጋር ነው። ማስረጃ ስንቆጥር ይህን ለምን እንደምንዘለው አይገባኝም።

ኸውላ ቢንት ሐኪም የምትባል ሶሐቢያ መጥታ ጋብቻ እንዲያስቡ አነሳችላቸውና የሁለት ሰው ስም ጠራች፤ የዓኢሻንና የሰውዳን። ከዚያ ሰውዳ ጋር ሄደች። ሰውዳ ነገሩን ለአባቷ እንድታነሳው ነገረቻት። ሽማግሌው ባይሰልምም ክቡር ሰው መጣልን ብሎ ፈቀደ። ወንድሟ ዐብድ ግን ከሄደበት ሲመለስ ወሬውን ሰምቶ በንዴት በራሱ ላይ አፈር ነሰነሰ። ኋላ ሲሰልም በዚያች ቀን ሥራው ሲያፍር ኖሯል።

ሰውዳ የገባችው እናት ወደሞተባት ቤት ነው። ኡሙ ኩልሡምና ፋጢማ እዚያው ነበሩ። ወደ ሦስት ዓመት ገደማ የቤቱ ብቸኛ እመቤት እሷ ነበረች። በመዲና መስጂድ አጠገብ መጀመሪያ ከተሠሩት ክፍሎች አንዱ የሰውዳ፣ ሌላው የዓኢሻ ሆነ። ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ፣ 70 ያህል ሙስሊሞች ወድቀው ብዙ ሴት ባል አልባ፣ ብዙ ልጅ የቲም ሲሆን ቤቱ ሰፋ።

እዚያ ቤት ዐድል ወሬ አልነበረም፤ በሌሊት የሚቆጠር ነገር ነበር። ለእያንዳንዷ ሚስት ቀኗና ሌሊቷ የተለየ ነው። ለጉዞ ሲነሱ ዕጣ ይጣላል። የልብ ፍቅር በሰው እጅ እንዳልሆነ አላህ በሱረቱ አን-ኒሳእ ነግሮናል፤ ግን ወደ አንዷ ፈጽሞ አዘንብሎ ሌላይቱን ባል እንዳላትም እንደሌላትም አንጠልጥሎ መተውን ከልክሏል። ዐድልን የፈራ ሰው በአንዲት እንዲወሰን ያዘዘውም በዚያችው ሱራ ነው፤ አራት ድረስ የፈቀደችው አያ ራሷ ናት።

ሰውዳ ረጅም፣ ግዙፍ፣ እርምጃዋ የከበደ ሴት ነበረች። ጨዋታ አዋቂ ናት፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ታስቃቸው ነበር። በሐጅ ጊዜ ሙዝደሊፋ ላይ ግፊያው ሳይጀምር በሌሊት ቀድማ እንድትሄድ ጠየቀች፣ ተፈቀደላት። ዓኢሻ ኋላ እኔም በጠየቅሁ ኖሮ ብላ ተመኝታለች።

ዕድሜዋ ሲገፋ ግን ፍርሃት ገባት። ብፈታስ አለች ለራሷ። የምትፈልገው በቂያማ ቀን ሚስታቸው ሆና መቀስቀስን ነበር። ስለዚህ ቀኗንና ሌሊቷን ለዓኢሻ ሰጠች፤ ትዳሯን ያዘች። ዓኢሻም ይህን ውለታ አልረሳችም፤ ከሴት ሁሉ በእሷ ቦታ ልሁን ብላ የተመኘችው ሰውዳን ነው።

ወንድሜ፣ ይህን ታሪክ ይዘህ የመጀመሪያ ሚስትህን ልታባብልበት እንዳታስብ። ቀኑ የሰውዳ ሐቅ ነበር፤ የሰጠችውም ራሷ ናት። ቀኗን የሰጠች ሴት ለወደፊቱ መልሳ ልትጠይቅ እንደምትችል ዑለማዎቹ ጽፈዋል። ባል ከሚስቱ ላይ ቆርጦ የሚወስደው ነገር አይደለም። አንዱ ጎጆ ከሚሴ፣ ሌላው ሰንበቴ ከሆነ፣ ሌሊቱን፣ ቀለቡን፣ የልጆቹን የትምህርት ወጪ በጣትህ ቆጥረህ ታውቀዋለህ?

አንቺም እህቴ፣ ሁለተኛ ሆነሽ ልትገቢ ከሆነ ስለ መህሩ ብቻ አትጠይቂ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የክልላችን የቤተሰብ ሕግም በትዳር ላይ ትዳርን አይፈቅዱም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 650 ይቀጣል፤ አንቀጽ 651 ሕግ ያወቀውን የሃይማኖት ወይም የባህል ሥርዐት ለይቶ ያስቀምጣል። ቃዲው ፊት የታሰረ ኒካህ አላህ ዘንድ ኒካህ ነው። ባልሽ ድንገት ቢሞት ግን የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የማን ስም፣ የማን ፎቶ እንዳለ ቀድመሽ እወቂ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ ሰውዳ ከቤቷ ብዙም አልወጣችም፤ ለሐጅ እንኳ። በዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋነት ጊዜ አንድ ከረጢት ላኩላት። ምን እንደሆነ ጠየቀች። ዲርሃም ነው አሏት። ገንዘብ እንደ ተምር በከረጢት መምጣቱ ገረማት። ከዚያ ከረጢቱን አስፈትታ፣ ያለውን ሁሉ ለድሆች አከፋፈለችው።