ሠላሳ አራት ዓመት የፈጀ የአገር ቤት መንገድ
የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት



ከዓመታት በፊት በጌታ ፊት ያስቀመጡት አንድ ዓላማ ይኖርዎት ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ፣ ያቋረጡትን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት መጨረስ፣ ለቤተ ዘመድዎ ወንጌልን ማድረስ፣ ወይም የጀመሩትን ጽሑፍ መፈጸም ሊሆን ይችላል። ዓላማው ዛሬም በልብዎ አለ። ነገር ግን ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ የታመመ ወላጅ አለ፣ የመዘምራን ልምምድና የኮሚቴ ስብሰባ አለ፤ ቀኑ ያልቃል፣ ዓመቱም ያልቃል። አብዛኞቻችን ዓላማችንን የምንተወው በአንድ ቀን ውሳኔ አይደለም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልን ስናሳድረው ነው በእጃችን ላይ የሚሞተው።

ስለዚህ ዛሬ የኦኔሲሞስ ነሲብን ሕይወት አብረን እንድንመለከት ወደድሁ። ብዙዎቻችን የምናውቀው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመ የእግዚአብሔር ሰው በመሆኑ ነው። ትርጉሙ ግን ከዚያ የሚሰፋ የአንድ ረጅም ዓላማ ክፍል ነበር። ዓላማው በባርነት ወደ ተወሰደበት አገር ተመልሶ ለገዛ ወገኖቹ ወንጌልን በቋንቋቸው ማድረስ ነበር። ለዚህም ሠላሳ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሂካ የተባለው ልጅ

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም ተርጓሚ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ልጁ ወደፊት ምን እንደሚሆን ከቶ ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ያውቅ ነበር።

አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥለው ወሰዱት። ስምንት ጊዜ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ በመጨረሻ ቀይ ባሕር ዳር፣ ምጽዋ ደረሰ። ወደ ባሕር ማዶ ከተሻገሩት መካከል አንዱ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነበር። በ1870 ግን ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣውና በምጽዋ ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስረከበው።

በዚያ ትምህርት ቤት ልጁ ማንበብን ብቻ ሳይሆን ጌታንም አገኘ። በ1872 የትንሣኤ በዓል ዕለት፣ መጋቢት 31 ቀን ተጠመቀ። ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ። የፊልሞናን መልእክት ያነበበ ሰው የስሙን ክብደት ያስተውላል፤ አናሲሞስ ባሪያ ነበር፣ በክርስቶስ ግን ወንድም ሆነ፤ የስሙም ትርጉም ጠቃሚ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ስዊድን ተልኮ በዮሐንስሉንድ የሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ወደ ምጽዋ ተመልሶ ምሕረት ኃይሉን አገባ። ልብ ይበሉ፤ የተማረ ሰው ነው፣ ቋንቋ ያውቃል፣ ሙሽራም ነው። በምጽዋ ቤቱን አደላድሎ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን ወዲያውኑ ለመንገድ ተነሣ።

ሁለት ጊዜ የተዘጋ መንገድ

በቀጥታ ወደ ወለጋ መግባት ስላልተቻለ ጉዞው በሱዳን በኩል ዞረ። ቡድኑ እስከ አሶሳ ደረሰ። ካርታ የሚያውቅ ሰው አሶሳ ለወለጋ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነች ያውቃል። በደጁ ላይ ደርሶ ሳለ ኦኔሲሞስ በንዳድ ታመመና ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነ። በዚያው ሰሞን በሱዳን የማህዲ ዐመፅ መነሣቱ ተሰማ። ቡድኑ በሚያዝያ 1882 ካርቱም ገባ፤ የመጀመሪያው ሙከራ በዚህ አበቃ።

ሁለተኛው ጉዞ በሌላ አቅጣጫ ነበር። በ1886 ከባልደረቦቹ ጋር በሸዋ በኩል እንጦጦ ደረሰ። ንጉሥ ምኒልክ በዚያ ስላልነበሩ ጉዳያቸውን ያቀረቡት ለባለቤታቸው ለጣይቱ ብጡል ነበር። ይሁን እንጂ አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናውያን ከአገር እንዲወጡ አዝዘው ስለ ነበር ወደፊት እንዲያልፉ አልተፈቀደላቸውም። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው እንደገና ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከነፃነቱ ቀን ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት አልፏል። አንዱን መንገድ ሕመምና ጦርነት ዘጋው፤ ሌላውን የመንግሥት ትእዛዝ ዘጋው። ብዙዎቻችን በዚህ ነጥብ ላይ የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም ብለን መዝገቡን እንዘጋ ነበር።

መንገዱ ሲዘጋ የቀጠለው ሥራ

ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ ኦኔሲሞስ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በምንኩሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ። ከሁለተኛው ጉዞ ሲመለስም ወደዚያው ሥራ ተመለሰ። እግሩ ወለጋ መድረስ ባይችል ቃሉ የሚደርስበትን ነገር ያዘጋጅ ነበር። ዓላማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የዕለቱ ሥራ ብቻ ነው።

ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰውም አልነበረም። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ይሰብካል፤ ቤተሰብ አለው። ያ ሁሉ የሚሆነው በቀይ ባሕር ዳርቻ ሙቀት ውስጥ ነው። ትርጉሙ የሚሠራው ከዚህ ሁሉ ጋር ነበር።

ከሁሉ የከበደው ችግር ግን ከውጭ የመጣ አልነበረም። ኦኔሲሞስ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነው። የእናቱን ቋንቋ ይወድዳል፤ ነገር ግን አዋቂ ሰው በሸንጎ የሚናገረውን፣ ሽማግሌ የሚመርቅበትን፣ እናት የምታለቅስበትን ቃል ሙሉ በሙሉ አልያዘም። ለመጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት ትመጣለች። እርስዋም እንደ እርሱ ለባርነት የተሸጠች ኦሮሞ ነበረች። ወደ ዐረብ አገር ልትወሰድ ስትል በ1886 የጣሊያን መርከብ ባሕር ላይ አስጥሏት ወደ ምንኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። የቋንቋ ስጦታዋ እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። የኦሮምኛ ቃላትን በብዙ ሺህ ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ አምስት መቶ ያህል ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አመጣች። በ1894 ሁለቱ በአንድነት ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በምንኩሉ ታተመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1893 አዲስ ኪዳን በዚያው ማተሚያ ቤት ታትሞ ነበር። አስቴር ለትርጉሙ ያበረከተችው ድርሻ ለብዙ ዓመታት በይፋ አልተነገረላትም፤ ዛሬ ግን ያለ እርስዋ ሥራው እንዳልተፈጸመ ይታወቃል።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል አጠገብ በሚገኘው በክሪሾና ታተመ። ኦኔሲሞስም ኅትመቱን ለመከታተል ወደዚያው ሄደ። ከካርቱም ከተመለሰበት ጊዜ ጀምሮ ቢቆጠር አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ኅትመቱ ገና ሳያልቅ፣ በ1898፣ ቀሲስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከባልደረቦቹ ጋር ወለጋ፣ ቦጂ ደረሱ። ኦኔሲሞስ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልደረሰበትን አገር ሌሎች ቀድመውት ገቡ። ዓላማው የራሱን ስም ማስጠራት ለሆነ ሰው ይህ መራራ ዜና በሆነ ነበር። ዓላማው የወገኖቹ መዳን ለሆነ ሰው ግን ወንድሞቹ የሚያነብቡትን መጽሐፍ ማድረስ ከምንጊዜውም ይልቅ አስቸኳይ ሆነ።

ወደ ነቀምቴ

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ኦኔሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ኦሮሞ ወገኖቹ ጋር ነቀምቴ ገባ። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሉት። ልጅ ሆኖ በባሪያ ፈንጋይ እጅ ከአገሩ የወጣው ሰው፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ መጽሐፍ ይዞ ተመለሰ። ትምህርት ቤት ከፈተ፤ አስቴርም በዚያ ታስተምር ጀመር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት፣ በ1906፣ በአካባቢው ካህናት ክስ ቀርቦበት ጉዳዩ አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ደረሰ። እንዲጋዝ ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ነገር ግን እንዳይሰብክ ተከለከለ።

ያስቡት። ሠላሳ አራት ዓመት የጓጓለትን አገር አግኝቶ አፉን እንዲዘጋ ታዘዘ። ምን አደረገ? በምንኩሉ የተማረውን እንደገና አደረገ። ስብከት ቢከለከል ማስተማር አልተከለከለምና ልጆችን ማንበብ አስተማረ። ማንበብ የቻለ ልጅ ደግሞ የሚያነበው መጽሐፍ በቋንቋው ታትሞ ቆይቶታል። አሥር ዓመት ያህል እንዲህ ካለፈ በኋላ በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቱ ሰበከ። በሰኔ 21 ቀን 1931፣ በዕለተ እሑድ ወደ ጌታው ሄደ።

በምዕራብ ኢትዮጵያ የተዘራው ዘር ዛሬ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። በ1959 የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በዚያ አካባቢ ያላት ሥር ከእርሱና ከባልደረቦቹ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በወለጋ፣ አይራ የሚገኘው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤትም በስሙ ተጠርቷል።

እኛስ?

ከዚህ ሕይወት ለራሳችን ሦስት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ ዓላማዎንና መንገዱን ይለዩ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮም ለመሄድ ብዙ ጊዜ አስቦ እንደ ተከለከለ ይነግረናል (ሮሜ 1፥13፤ 15፥22)። መሄድ ባልቻለበት ጊዜ ግን ደብዳቤ ጻፈ፤ ያ ደብዳቤ ዛሬም እኛን ይመግባል። የእርስዎም መንገድ ተዘግቶ ይሆናል። የማታ ትምህርቱ ከሥራ ሰዓትዎ ጋር አልገጠመም፤ የሚታመመው ወላጅ ከቤት አላስወጣ አለ። መንገዱ ተዘጋ ማለት ዓላማው ተዘጋ ማለት አይደለም። ዛሬ ባሉበት ቦታ የዓላማዎ የትኛው ክፍል ሊሠራ ይችላል ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የዕለቱን ድርሻ አይናቁ። በእጃችን ያለው ስድሳ ስድስቱ መጽሐፍ 1,189 ምዕራፍ አለው። በቀን አንድ ምዕራፍ ብቻ የሚያነብ ሰው በሦስት ዓመት ከሦስት ወር ይጨርሰዋል። በየጥር ወሩ በአንድ ዓመት ልጨርስ ብሎ ጀምሮ ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ከሚያቆም ሰው ይልቅ ይህ ሰው ሩቅ ይሄዳል። ትንሽ ድርሻ ለሥራ ብዙ ሰው የተሰጠ ጸጋ ነው።

ሦስተኛ፣ የጎደለዎትን የሚሞላ ሰው ይቀበሉ። ኦኔሲሞስ በስዊድን የተማረ መምህር ነበር፤ አስቴር ከባርነት የወጣች ወጣት ነበረች። ዕውቀቷን ባይቀበል ኖሮ መጽሐፉ ዳር አይደርስም ነበር። እርስዎን የሚያበረታ፣ የሚጠይቅዎ፣ አብሮዎ የሚያነብ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት በጉባኤዎ ውስጥ አለ። ሥራው ሲፈጸምም የረዳዎትን ሰው ስም መጥራት አይርሱ።

መልካም ሥራን በመሥራት የማይታክቱ በጊዜው እንደሚያጭዱ ቃሉ ያስተምረናል (ገላትያ 6፥9)። ጊዜው የእኛ አይደለም፣ የእርሱ ነው። የእኛ ድርሻ ዛሬ ነው። ይህን ጽሑፍ ሲጨርሱ ያን ያሳደሩትን ነገር ያንሡና ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ከእርሱ ጥቂቱን ይሥሩ። ነገም እንዲሁ።

ጌታ እግዚአብሔር ይርዳዎት። አሜን።