አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምና የማበላለጥ ሰዋስው

እኛ የአንበሳሜና የወረታ ልጆች ስለ ሀገራችን የተጠየቅን እንደ ሆነ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው የፎገራ ላምና የፎገራ ሩዝ ነው። የፎገራ ላም ከሌላው ላም ትበልጣለች እያልን እንከራከራለን፤ ክርክሩንም እስከ ተማሪዎች ምግብ ቤት ድረስ ይዘነው መጥተናል። ከዚያው ሜዳ ዳር፣ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ከምትገኘው ከይፋግ፣ ቋንቋችንን በጀርመን ሀገር ያስተማሩ የሰዋስው ሊቅ መነሣታቸውን ግን ከመካከላችን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ስለዚህ የአለቃ ታዬን ሕይወት በአጭሩ እንተርካለን። በዚያውም በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ብዙዎቻችንን የሚጥለንን አንድ ነገር፣ ማለት የማበላለጥን ሰዋስው፣ ከእርሳቸው ሙያ ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በ1853 ዓ.ም. በቤጌምድር በይፋግ አካባቢ ተወለዱ። ይፋግ በዚያ ዘመን ነጋዴ የሚሰበሰብባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ምጽዋ ወርደው ከወደቡ አጠገብ በምንኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ሌላው ሰው ቢሆን የፈረንጅ ትምህርት ካገኘ ይበቃኛል ባለ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ግእዝና ቅኔን ከሀገር ቤት መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው ተማሩ። እኛ ይህን እንደ ቀላል ነገር አንቈጥረውም። አንዱን ትምህርት የያዘ ሰው ሌላውን መናቅ በሚወድበት ሀገር ሁለቱን አስማምቶ መያዝ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዚህም ፍሬ በ1889 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ነው፤ የግእዝን ሥርዐት በአማርኛ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ወደ በርሊን ተላኩና በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምሩ ጀመር። እስከ 1908 ድረስም በዚያው ቈዩ። ልብ እንበል፤ በዚያ ዘመን ወደ አውሮፓ የሚሻገር ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ ወይም መልእክተኛ ነበር፤ አለቃ ታዬ ግን የሄዱት መምህር ሆነው ነው። በኋላ በኢትዮጵያ ጥናት ስሙ የገነነው ኦይገን ሚትቮኽ አብሮአቸው ይሠራ ነበር።

እንግዲህ አማርኛ ለመማር የተቀመጠ ጀርመናዊ ሁሉ የሚገጥመውን ነገር እንመልከት። ጀርመንኛና እንግሊዝኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንግሊዙ ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት ሲል ጀርመኑ ጉት፣ ቤሰር፣ ቤስት ይላል። በሁለቱም ቋንቋ ማበላለጥ ሲፈለግ ቅጽሉ ራሱ ጭራ ያወጣል። የአማርኛ ቅጽል ግን እንዲህ ያለ ጭራ የለውም፤ ረጅም የሚለው ቃል ከማንም ጋር ቢነጻጸር ያው ረጅም ነው። የማበላለጡን ሥራ የሚሠሩት ከ የምትለው አንዲት ፊደልና በለጠ፣ ላቀ፣ ተሻለ፣ አነሰ የሚሉት ግሦች ናቸው። ግእዝም እንደዚሁ በእም እና ይኄይስ በሚለው ግሥ ያበላልጣል። ለበላይነት ሲሆን ከሁሉ እንላለን፤ ወይም ስሙን በስሙ ላይ ደርበን ንጉሠ ነገሥት፣ ቅዱሰ ቅዱሳን እንላለን። በእኛ አስተያየት ይህ የኋለኛው ከጀርመኑ ጭራ ይልቅ ግርማ አለው፤ የማይስማማ ጓድ ቢኖር ይጻፍልን።

ጀርመኑ ወደ አማርኛ ሲመጣ የሚያጣውን ጭራ እኛ ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ እንረሳዋለን። ከ የምትለው ፊደል መነሻንም ማበላለጥንም ስለምታመለክት፣ ዛን ማለት ሲገባን ፍሮም ብለን እንጽፋለን። ቅጽላችን ስለማይለወጥም ቶለር ዛን በማለት ፈንታ ቶል ዛን እንላለን። ከሁሉ የከፋው ሞር ቤተር ማለታችን ነው። ምክንያቱ ግን ስንፍና አይመስለንም፤ በአማርኛ ይበልጥ የተሻለ ማለት ነውር ስላልሆነ፣ ሁለቱን ቃል አንድ በአንድ እየመነዘርን ስለምናሻግር ነው። ለመጽናኛ ያህል፣ ሼክስፒርም ሞስትንና ጭራውን በአንድ ቅጽል ላይ ደርቦ የጻፈበት ቦታ አለ። ይህን አጥብቀው የነቀፉት በ18ኛው መቶ ዓመት የተነሡት የእንግሊዝ ሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው። ፈታኞቻችን ግን ለሼክስፒር የሰጡትን ምሕረት ለእኛ አይሰጡንም።

ሕጉ ረጅም አይደለም። እንደ ቶል ያለ አጭር ቅጽል ቶለር፣ ቶለስት ይሆናል። ሃፒን የመሰለው የመጨረሻ ፊደሉን ለውጦ ሃፒየር፣ ሃፒየስት ይባላል። ቢዩቲፉልን የመሰለ ረጅም ቃል ጭራውን ትቶ ከፊቱ ሞር ወይም ሞስት ያስቀድማል። ተውሳከ ግሥም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ፋስት ጭራ ሲቀበል ኩዊክሊ ግን ሞር ይፈልጋል። ዌልና ባድሊ ደግሞ ሕግ የማያውቁ ናቸውና ቤተርንና ወርስን በቃል ከመያዝ በቀር መድኀኒት የላቸውም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አለቃ ታዬ ከበርሊን በተመለሱ ጊዜ የጠበቃቸው ክብር ብቻ አልነበረም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ስላደጉና የወንጌላውያንን ትምህርት ስለ ያዙ በሃይማኖት ተከሰሱ፤ ታሰሩም። ግእዙን፣ ቅኔውንና የበርሊኑን ወንበር ለያዘ ሰው ይህ መራራ ዕጣ ነበር። እርሳቸው ግን መጻፍን አልተዉም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. በአስመራ ታተመ። ስለ ነገዶች አመጣጥ ከጻፉት ውስጥ የዛሬ የታሪክ ሊቃውንት የማይቀበሉት ብዙ ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። የአማርኛው አጻጻፍ ግን ጥርት ያለና ሰዋስው በሚያውቅ እጅ የተቃና ነው።

አለቃ ታዬ በ1916 ዓ.ም. ዐረፉ። የታሪክ መጽሐፋቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ የወጣው በኡፕሳላ ነው፤ ይህም በልጅነታቸው ያስተማራቸው ሚስዮን በመጣበት በስዊድን ሀገር መሆኑ ነው።