ከበደ ሚካኤልና የልጆች መጽሐፋቸው

በኮተቤ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ኮከበ ጽባሕ ትምህርት ቤት እንግዳ አይደለም። ይህ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት አገራችን ከጠላት እጅ ከወጣች ገና ሁለት ዓመት መሆኑ ነበር። ተማሪው ብዙ፣ መጽሐፉ ጥቂት ነበረ፤ ይልቁንም ሕፃን ልጅ ደስ ብሎት የሚያነበው የአማርኛ መጽሐፍ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዕር ካነሡት ደራሲዎች መካከል የከበደ ሚካኤልን ያህል በልጆች አፍ የቆየ የለም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን የእኒህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ከበደ ሚካኤል በጥቅምት ወር 1909 ዓ.ም. በመንዝ፣ ገርም ገብርኤል በተባለው ስፍራ ተወለዱ። የአገር ቤቱን ትምህርት ከቀመሱ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በአሊያንስና በላዛሪስቶች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተማሩ። ወዲያውም የጠላት ወረራ መጣና የመደበኛ ትምህርታቸው ነገር በዚያው ቀረ። ሆኖም ከመጻሕፍት አልተለዩም፤ የቀረውን ትምህርት በንባብ ራሳቸው ለራሳቸው አስተማሩ። ከነጻነት በኋላ በራዲዮና በጋዜጣ ሥራ፣ በትምህርት ሚኒስቴር፣ በቤተ መጻሕፍትና በሌላም መሥሪያ ቤት በልዩ ልዩ ሹመት አገልግለዋል። የሹመቱን ዝርዝር እዚህ ማስፈር አያስፈልገንም።

የሚያስፈልገን ታሪክና ምሳሌ የተባለው መጽሐፋቸው ነው። ደራሲው ጃፓን እንደምን እንደ ሠለጠነች የጻፉ፣ ሮሜዎና ዡልየትን በ1946 ዓ.ም. በአማርኛ ያቀረቡ፣ አኒባልን በ1948 ዓ.ም. ለቴአትር ያበቁ ሰው ሲሆኑ፣ ለሕፃናት ሲጽፉ ግን ቃላቸውን እንደ እናት ጉርሻ አሳንሰው ያቀርቡታል። አጭር ታሪክ፣ ቤት የሚመታ ግጥም፣ በመጨረሻውም ምክር። በፈረንሳይኛ የተማሩ ሰው እንደ መሆናቸው የላፎንቴን መንገድ ይታይባቸዋል፤ ዜማውና ቀልዱ ግን የአገራችን ነው። እርግጥ ነው፣ ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ይረዝማል፤ ልጆችም ይህን ያውቁታል፣ ታሪኩን ጮክ ብለው ይሉና ምክሩ ላይ ሲደርሱ ይሮጣሉ።

ከሁሉም የታወቀው የአዝማሪውና የውሃ ሙላቱ ታሪክ ነው። አንድ መንገደኛ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ያገኛል። በወንዙ ዳር አንድ አዝማሪ ቆሞ ለውሃው ይዘፍናል። ምን እያደረግህ ነው ቢለው፣ ወንዙን አወድሼ እንዲያሻግረኝ እለምነዋለሁ ይላል። መንገደኛውም ያመሰገንኸው ውሃ አልፎ ሄዷል፣ አሁን የምታየው ሌላ ነው፣ እርሱም ሳይሰማህ ያልፋል ብሎ ሞኝነቱን ያስረዳዋል። በክረምት ከየካ ተራራ የሚወርደውን ድፍርስ ጎርፍ ቆሞ ያየ የኮተቤ ልጅ ይህን ለማስተዋል ሥዕል አያሻውም።

ስለ ሥዕል ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እናክል። በእንግሊዝ አገር ቤአትሪክስ ፖተር የተባለችው ደራሲ በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለ አንዲት ጥንቸል ልጅ የጻፈችው መጽሐፍ በራስዋ እጅ በተሣሉ ባለ ቀለም ሥዕሎች የተሞላ ነበር። ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላም በ1992 እነዚያ ሥዕሎች በቴሌቪዥን እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። የእኛ ደራሲ ታሪኮች ከወረቀት የወጡት በሌላ በር ነው። ልጁ በክፍል ፊት ቆሞ በቃሉ ይወጣቸዋል፤ ታናሽ ወንድሙ ይሰማል፤ መጽሐፉን በእጁ ያልያዘውም ይማራል። ቢሆንም ዛሬ አገራችን በሥዕል የሚንቀሳቀስ ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች አሏትና፣ ከእነርሱ አንዱ ያንን አዝማሪ ከነማሲንቆው በወንዙ ዳር አቁሞ ውሃውን ሳያቋርጥ ቢያፈስሰው አምስት ደቂቃ የማይሞላ፣ ግን የማይረሳ ሥራ ይወጣው ነበር ብለን እናምናለን።

ከበደ ሚካኤል በዘመናቸው ክብር አልጎደለባቸውም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተቀብለዋል። ነገር ግን በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ ቤታቸው ተወረሰ። ለአገር ልጅ ሁሉ ፊደል ያጣጣሙት ሽማግሌ በሆቴል ክፍል ኖሩ። ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል። ሹሙም፣ ካድሬውም፣ ቤቱን የመዘገበውም ጸሐፊ በልጅነቱ ያንን መጽሐፍ ሳያነብ አልቀረም ብለን እንገምታለንና። ምናልባትም አዝማሪውን በቃሉ ያውቀው ይሆናል።

በስተርጅናቸው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ማዕርግ ሰጣቸው። ኅዳር 3 ቀን 1991 ዓ.ም. በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። ታሪክና ምሳሌ ከዚያም ወዲህ ታትሟል፤ ልጆችም ምክሩ ላይ ሲደርሱ አሁንም ይሮጣሉ።