ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ እና ክፉ ቀን

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። በልጅነታቸው ዓፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና ነገሡ።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ «ክፉ ቀን» በተባለው ረሀብ ውስጥ ነበረች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው ደስታ የተባለ የከብት በሽታ አብዛኛውን ከብት ፈጀ። በሬ በመጥፋቱ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩ። ፈንጣጣ፣ ኮሌራና ታይፈስ ረሀቡን ተከትለው ተዛመቱ። ብዙ ሰው ያለቀው በረሀቡ ብቻ ሳይሆን፣ የተዳከመውን ሰውነት ባጠቃው በሽታ ጭምር ነው። ምግብ፣ በተለይም ፕሮቲን፣ ሲጎድል በሽታ ተከላካይ የደም ሴሎች የሚጎለምሱበት ታይመስ ዕጢ ይመነምናል፤ ይህም በኋላ ዘመን በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ታይቷል።

ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው የተራበውን መገቡ። በሬ ያጣው ገበሬ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራም ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር አርአያ ሆኑ። ረሀቡ በ1884 ዓ.ም. ገደማ ጋብ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ።